ነካኝ

አራተኛው መደርደሪያ፣ ዛሬ ሳሙና የሚሸጥበት፣
እዚያ ነበር ቋሚው፣ መረቡ የሚታሰርበት።
ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ይህን ከየት ታምጣ፤
ወተቴን ይዤ ስመለስ፣ አንዲቷን ንጣፍ ሳልረግጣት ስወጣ
ትስቃለች፣ እርምጃዬን አይታ፦
«አጎቴ፣ ምን አለ እዚያ ቦታ?»

ምን አለ!

የጎክዴሬ ወረቀት ፋብሪካ ጥድ መፍጨት የጀመረ ጊዜ፣
ቦይለር የሚያነደው ኡስታ ሃይሬቲን፣ የማይነቃነቅ ግትር ጎበዜ፣
የአማቱን የተቀደደ የዓሣ መረብ ለምኖ
በሁለት የስልክ ምሰሶ መሀል ወጠረው፣ ጠግኖ።
ሽታው ክረምቱን ሙሉ አልለቀቀም፤
ድመት ሳይሰበሰብ የተጀመረ ጨዋታ የለም።
እንዲህ ተወለደ ቡድኑ፦ ከዓሣ ሽታ፣ ከትርፍ ሰዓት፣
ከስድስት ጥንድ ሻካራ እጅ፣ ከአንድ ኳስ፣ ከድፍረት።

እኔ የደረስኩት ዘግይቼ ነው። ዘጠኝ ነበር ዓመቴ።
ቁጥር ገልባጭ። ቁጥሮቹን በካርቶን ላይ የጻፈልኝ አባቴ፤
ካርቶኑ የፋብሪካችን፣ ቀለሙ የፋብሪካችን፣
ድሉም ሽንፈቱም የሚነበበው ከገዛ ጥዳችን።

አንካራ በባቡር፣ ኢዝሚር በጭነት መኪና ታጭቀን፣
የባንኩ ልጆች በነጭ ቆዳ ጫማ፣ እኛ ሸራችንን በሙጫ አጣብቀን፣
ደረስን። ለዋንጫው፣ በአንድ መጋቢት፣ በዚሁ አዳራሽ፣
በረዶው ጣሪያው ላይ፣ ከተማው ውስጥ፣ ትንፋሽ በትንፋሽ።

አምስተኛው ዙር። አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት። ባንኮች ይመራሉ።
ሰርቪሱም የእነሱ፤ አንዲት ነጥብ፣ ያበቃል ሁሉ።
ረጅሙ አጥቂያቸው ተነሣ፤ ነጃቲም ተነሣ ፊት ለፊቱ፣
ሁለት እጁን እንደ በር ዘግቶ። የመዶሻ ነበር ምቱ።
ኳሱ በላይ አለፈ፤ ከመስመር ውጭ፣ ግድግዳው ሥር አረፈ።
ዳኛው ወደ እኛ እጁን ዘረጋ። አዳራሹ በጩኸት ጎረፈ።

ያኔ ነጃቲ
እጁን አነሣ።
የግራ እጁን፣ ትንሿን ጣት በቀኙ ይዞ፦
«ነካኝ።»

ዳኛው «ምን?» አለ። «ነካኝ» አለ ደግሞ፣
ሰው ዝናብ ነካኝ እንደሚል፣ ሳይቆጣ፣ ሳያለቅስ፣ ቆሞ።

እኔ መገልበጥ ነበረብኝ። አሥራ አምስት።
እጄ እምቢ አለ። አባቴ ከኋላዬ፦ «ገልብጥ! ነጥብ ነው፤ አይደለም ሞት።»

ዳቦ ጋጋሪው ዱርሙሽ ከዚያ ወዲያ ዳቦ አልሸጠለትም፤
ፀጉር አስተካካዩ «ምላጬ ደንዟል» አለው፤ ሌላም፣ ሌላም።
ስም ወጣለት፦ ጣት። ሩህሳር የጣት ሚስት፣
ውሻው እንኳ፣ ምንም ያላደረገው ውሻ፣ የጣት።
እሱ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ይመጣል፣ መረብ ይሰቅላል፤
ከተጫወተበት ዘመን ይልቅ ወለሉን የጠረገበት ይበልጣል።

ከዚያ ፋብሪካው ተሸጠ።
ቡድኑ የሲሚንቶ ስም ለበሰ፤ ቀጥሎ የብስኩት፤
ከኩባ አንድ አጥቂ መጣ፣ በረዶ አይቶ የማያውቅ ወጣት፣
ክረምቱን በነጃቲ ካፖርት አሳለፈ፤ እጅጌው እስከ ክንዱ።
ከዚያ ደመወዝ ቀረ። ልጆቹ አንድ በአንድ ሄዱ።
ወረድን። ደግሞ ወረድን። የመጨረሻውን ጨዋታ
ማንም የመጨረሻ ነው አላለውም፤ አለቀ፣ መብራት ጠፋ፣ ማታ።
የአሥራ አምስቱ ካርቶን ዛሬም እኔ ቤት አለ፤
የወጥ ቤት ጠረጴዛዬን አጭር እግር እንደደገፈ፣ እንደቻለ።

ነጃቲን ባለፈው ኅዳር ቀበርነው።
መስጊዱ ደጅ፣ ሬሳው ከድንጋዩ ላይ እንዳለ፣
ኢማሙ እንደ ወጉ ዞረው፦ «ሟቹን እንዴት ታውቁታላችሁ?»
መልሱ የታወቀ ነው። «በደግ» ይባላል፣ በአንድ ድምፅ፣ ይበቃል።
አፋችንን ስንከፍት
ከፊት ረድፍ የዱርሙሽ እጅ ወጣ፤
ሰማንያ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ዱቄት የጠገበ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ።

«ነካኝ» አለ።

ኢማሙ ለከተማው እንግዳ ነበሩ።
«ምን አሉ?» ብለው
ጎንበስ አሉ፣ ጆሯቸውን አቀረቡ።