ከቁም ሳጥን ውስጥ

ዘጠና ዘጠኝ ነው፤ ሚሌኒየሙ ሊገባ፣
አምፖል በየገመዱ ሲፈካ እንደ አበባ፣
እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ፣
በእናቴ ካፖርቶች ግራ ቀኝ ታቅፌ፣
ለማላውቀው ጆሮ ድምፄን እቀዳለሁ፤
«እንደምን አመሻችሁ» ላንድ ሰው እላለሁ።
አንዱም ሰው እኔ ነኝ።

«ፖድካስት» ብለው ወንድሜ ውብሸት
«ፖስታ ቤት?» አለና ሳቀብኝ ግማሽ ሰዓት።
እውነትም አልራቀም፤ ድምፄን አሽጌ ነው
አድራሻ ሳልጽፍ ለነፋስ የምልከው።
«ስለ ምን ልታወራ?» ይለኛል ማታ ማታ።
የሰዓት ሠሪው የደግፌ ጨዋታ፣
ማተሚያ ቤት ውዬ የለቀምኩት ወሬ፣ ያውቶቡስ ሐሜታ።

ማይኩን ገዛሁት ከመርካቶ በስልሳ፤
ሁሉን ቃል ቻለልኝ፣ አልቻለም «ፒያሳ»።
«ፒ» ባልኩኝ ቁጥር እንደ ጥይት ይጮኻል፣
ትንፋሼ ፈንድቶ ጆሮ ይሰነጥቃል።
ኋላ የእህቴን ናይሎን ካልሲ አለበስኩት፤
ተወልጄ ያደግኩበትን ሰፈር ስም
በካልሲ አጥልዬ ጠራሁት።

ዶሮ ማነቂያ ግን ዝም ማለት አያውቅም፤
ቧንቧው ሲያስል ያድራል፣ በሩ ሲጥ ማለቱን አይተውም፤
ያማረ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ
ወይዘሮ አስካለ ከደረጃው ራስ
«ውሃውን ከፍቶ የሄደ ማነው?»
አለቀ፤ እንደገና ከ«ሀ» ነው።

መቁረጥ ተማርኩ።
እኩለ ሌሊት ላይ እንደ ልብስ ሰፊ ጎንበስ ብዬ
ቧንቧውን ቆረጥኩ፣ በሩን ቆረጥኩ፣
«እ…» እና «እህ…»ን ለቀምኩ፣ እንደ ጠጠር ከምስር፤
አስካለን ሳስወጣት
እጄም አይንቀጠቀጥ፣ ስፌቱም አይታይ ነበር።

ቅዳሜ ሙፍቲ ጋ፣ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ፣
በደቂቃ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ፋይሌ እንደ ቀንድ አውጣ ሲገባ፣
ሃምሳ… ሰባ ሁለት… ዘጠና ሰባት ከመቶ…
ድርግም! መብራት ሄደ።
ሙፍቲ ሻማ ለኩሶ፣ ፊቴን በብርሃኑ አይቶ፣
«ግማሹን ክፈል» አለኝ።

አድማጭ፦ አሥራ አንድ።
ዘጠኙ እኔው ነኝ፣ በዘጠኝ ኮምፒውተር፤
አሥረኛው ሙፍቲ ነው፣ ለወዳጅነት ሲል፣ ሁለት ደቂቃ ያህል።
አሥራ አንደኛው ማን ነው?
ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን የከተተኝ
ይኸው ጥያቄ ነው።

ደወለ አንድ ሌሊት።
«አሰግድ እባላለሁ፣ ባንክ ቤት ጥበቃ ነኝ፤
የእህቴ ልጅ ነው በሲዲ እየገለበጠ የሚሰጠኝ፤
ከአንተ ጋር ነው የማነጋው። ግን ድሮ
ትንፋሽህ ይሰማ ነበር፤ አሁን ከመስታወት ኋላ
እንደቆመ ሰው ሆንክብኝ።»
ዝም አለ። ፉጨት ሰማሁ፣ የሌላ ዘበኛ፣ ከሩቅ።
«ያቺ ሴትዮስ ደህና ናት? ደረጃ ላይ የምትቆጣው?
አመማት እንዴ? ድምፅዋ ጠፋ።»
«ደህና ናት» አልኩት። ቆረጥኳት አላልኩትም።
በማግስቱም ቆረጥኳት።

ዛሬ ልጆቹ ቀይ ሶፋ አላቸው፣ ሦስት ካሜራ አላቸው፤
«ፒ» ቢሉ አይፈነዳም፤ ያስቀናል ጥራታቸው።
የኛ ግቢ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣
ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አምፖል ሞልቶታል።
አስካለ ኮንዶሚኒየም ገባች አሉ፣ ወደ ዳር፤
ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የነገረኝ የለም።

ከመቶ ሰባት ክፍል አንዱ ብቻ ሙሉ ነው፤
አራተኛው፣ መቀሱን ሳላውቅ የቀዳሁት።
አመሻሽ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣
እዚህ ነበር ደረጃው ብዬ በገመትኩበት ቆሜ
እከፍተዋለሁ።
ቧንቧው ያስላል። በሩ ሲጥ። «ፒ»፣ ጥይት።
ከዚያ እሷ፦
«ውሃውን ከፍቶ የሄደ ማነው?»
«እኔ ነኝ» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ሳይታወቀኝ።
ብስክሌት የሚነዳ ልጅ
ዞር ብሎ ያየኛል።