ግራ ጆሮው የተቀደደ

ውባንቺ ፎቶውን እንደ ሰሌን ጠቅልላ ይዛ መጣችና፣
«ፍሬሙ ዋንዛ ይሁን» አለችኝ፤ «ቀለም እንዳትቀባው ደግሞ፣ አደራ፣ በጤና!»
ሦስት ሜትር በሁለት። ወርክሾፔ አልበቃው ስላለ፣
ግቢው ላይ ሸራ አንጥፈን ዘረጋነው፤ ጉማሬው ተንጋለለ።

ሰማያዊ የለ ጣና፣ አረንጓዴ የለ ደንገል፣
ነጭና ጥቁር ብቻ፤ ደግሞም በሁለቱ መሃል
አመድ፣ እርሳስ፣ ጭጋግ፣ ሊዘንብ የከጀለ ሰማይ፣
ስም ያልወጣለት ሺህ ዓይነት ግራጫ ጀርባው ላይ።
ቆዳው የበጋ መሬት፤ በስንጥቁ ውሃ ያበራል፤
ዓይኑ ሌንሱን አልፎ ከኋላ የቆመ ሰው ይፈልጋል።

አሥራ ሰባት ንጋት፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ፣
ታንኳ ላይ በደረቷ ተኝታ ጠብቃዋለች፤ የአሣ አጥማጁ ሁሉ ጀልባ እስኪያልፍ።
በአሥራ ሰባተኛው ብቅ አለ፤ ውሃው ተሰነጠቀ፤
ጣቷ ሳታዝዘው ተጫነ፤ ቀኑ በዚያው ደረቀ።

ዋንዛውን የሸጠልኝ አያ አንማው ቀሪ ገንዘቡን ሊቀበል መጥቶ
ከበሩ ላይ ቀረ፤ ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ።
«ይኼማ እሱ ነው!» «ማን?» «ግራ ጆሮውን አታይም?
የኔ ጦር ናት የቀደደችው፤ እንዲህ ያለ ሌላ የለም።
ሁለት ክረምት በቆሎዬን ሙልጭ ያደረገ፣
ታናሼን ከነታንኳው ይዞት ሊሄድ የፈለገ!»

በዱላው ሊለው መስሎኝ ወረቀቱን ልከልል ተነሣሁ።

ጫማውን አወለቀ። ሸራው ላይ በጉልበቱ ሄደ፤
ጣቱ ሳይነካው፣ በአየር ላይ፣ ቅዱን ተከትሎ ወረደ።
«ሌሊት ሲያላምጥ ነው የማውቀው፤ ጠዋት ባዶ ማሳ።
እንዲህ ቆሞልኝ አያውቅም፣ እኔ ጦር ሳላነሣ።»
ቆይቶ፣ «ደሙስ?» አለ፤ «ያን ለት ውሃው ቀልቶ ነበር።»
ውባንቺ ጆሮውን እንደ አዲስ አየችው፤ ሳትናገር።

አሁን ባሕር ዳር፣ ሆቴል ውስጥ፣ ደረጃው ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤
እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ «እንዴት ያለ ሰላም!» ይላል።
ከፍሬሙ ታች፣ ግራ ጥግ፣ መላጊያ ያልነካው ጠባሳ አለ፤
አያ አንማው ነው «ተወው» ያለኝ፤ አውሬው እዚያ ዛፍ ላይ እየታከከ ስለዋለ።

ክረምት ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፤ ሌሊት ሌሊት ይንቋቋል።
ዘበኛው ጋቢውን ስቦ፣
«ያላምጣል» ይላል።