ግራው ዝቅ ይላል

ከበቆሎው ማሳ ጀርባ፣ ከተንጋደደ በረት፣
ዶሮ እንቁላል ጥላበት፣ አይጥ ወንበሩን በልታበት፣
ጎማው አፈር ውስጥ ሰምጦ፣ ኮፈኑ ዝጎ አገኘሁት።
"ቆርቆሮ ነው" አለ ሻጩ፣ "በኪሎ ልሽጥልሽ" አለኝ፤
እኔን ግን የጣሪያው ማጎንበስ፣ የመስኮቱ ጥበት፣
የአባቴ መጋዝ ሆኖ ካምሳ ዓመት ማዶ ጠራኝ።

አባቴ ፈረንትስ፣ የቶሌዶ መስታወት ፋብሪካ እቶን ጠባቂ፣
ሌሊቱን ለደሞዝ፣ ቀኑን ለጋራዡ አዳሪ፣
የሃምሳ አንድ ሞዴል ሜርኩሪ ገዝቶ
ጣሪያውን በመጋዝ ቆርጦ፣ አራት ጣት አሳጥሮ፣ መልሶ በየደው፤
ከኋላ መብራቶቹ በላይ ሁለት ክንፍ አወጣለት፣
ስፌቱን ሁሉ በቀለጠ እርሳስ ሞልቶ እንደ ገላ አለሰለሰው።
"ስቱኮ የሰነፍ ነው" ይል ነበር፣ "እርሳስ ግን ቃሉን ይጠብቃል።"

አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ፋብሪካው ሰው ቀነሰ።
መኪናው ተሸጠ።
አባቴ ቁልፉን አስረክቦ፣ ጋራዡን ጠርጎ፣ መጥረጊያውን ሰቀለ፤
እስኪሞት ድረስ ስለ መኪና አንድ ቃል አልተነፈሰ።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ክሪክ ላይ አወጣሁት።
ድዌይን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግን ያረጀው ጎረቤቴ፣
የጋዝ ማሞቂያ ታቅፎ መጣ፣ ሳልጠራው፤
ክረምቱን ሙሉ ከቤቴ አልወጣ።

ብርጭቆ ያሳደገኝ ሰው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት።
መጀመሪያ ነጭ፤ ማን ሙሽራ ወስዶበት ይሆን?
ከነጩ ሥር አረንጓዴ፤ በአጥር ብሩሽ የተቀባ፣ እግዜር ይይለት።
ከአረንጓዴው ሥር ጥቁር፤
ከጥቁሩ ሥር፣ ጥፍር የምታህል፣ እንደ ተላጠ ጉልበት፣
የአባቴ ቀይ።
በወርቅ ብናኝ ላይ ሰባት ጊዜ የተነፋ፣
እንደ ተላሰ ከረሜላ ብርሃን ውጦ የሚተፋ፣
ጣት ቢሰዱበት እስከ ክርን የሚያስገባ።

ሜትር ዘረጋሁ። ለካሁ። ደግሜ ለካሁ።
የግራው ክንፍ ከቀኙ በግማሽ ጣት ዝቅ ብሏል።
ድዌይን ተንበርክኮ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤
"እውነት ነው፣ ያዘነብላል።"
"ዓይኑ ነው" አልኩ፤ "ግራ ዓይኑን የመስታወት ስባሪ ነክቶት ነበር፣
ለአለቆቹ ሳይናገር ግማሹን ዓለም በግምት ያይ ነበር።
በዲትሮይቱ ትርዒትም ዳኞቹ አንድ ነጥብ ቀነሱበት፤
በአንድ ነጥብ ሁለተኛ ወጣ።"
"እንግዲያ እናቅናው" አለ ድዌይን፣ "ዕዳውን እንክፈልለት።"
እሺ አልኩ። ለምን እምቢ እላለሁ?

እሱ ከውጭ የጋዙን እሳት ለኮሰ፤
እኔ እርጥብ ጨርቅና የእጅ መብራት ይዤ
በዕቃ መጫኛው ሆድ ውስጥ በጀርባዬ ተሳብኩ።
ላሜራው መሞቅ ጀምሯል። እዚያ፣ ከክንፉ ጀርባ፣
በእርሳስ በሞላው ስፌት ሥር በእርሳስ የጻፈውን አየሁ፤
በማጃርኛ፣ የእናቴ የገበያ ወረቀት ብቻ ባስተማረኝ ቋንቋ፦
"ላሜራውን ኢሎንካ ያዘችልኝ። ሰባት ዓመቷ ነው።
እጇ ዛለ። አይነካም።"

"አጥፋው!"
"ምን?"
"እሳቱን አጥፋው፣ ድዌይን።"

ያ ሌሊት ትዝ አለኝ ብል እዋሻለሁ።
ትዝ የሚለኝ ጓንቱ ነው፤ ለእጄ የሰፋ፣ እስከ ብብቴ የደረሰ፣
ውስጡም በአባቴ ላብ የራሰ።
ዋንጫው ያመለጠው በኔ ክንድ ነው፤
እሱ ግን በሰው ፊት ዓይኑን አሳማ እንጂ ክንዴን አላነሣ።

በመጋቢት ወደ ትርዒቱ ወሰድነው፣ ቀዩ እንደገና ሰባት ጊዜ ተነፍቶ።
አንድ ወጣት ዳኛ ሜትሩን ዘርግቶ
ዞረ፣ ጎነበሰ፣ ለካ፣ ደግሞ ለካ።
"ይቅርታ፣ እመቤት፣ ግራው ዝቅ ይላል፤ ያውቃሉ?"
"አውቃለሁ" አልኩት። "የኔ ሥራ ነው። ጻፈው።"
ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ።