አልሻገርም ያለው ተሻገር

አባቴ «ተሻገር» ብሎ ስም አወጣልኝ፤
አስፋልቱን ማቋረጥም ዳገት ነው የሆነብኝ።
በእግሬ ሱዳን ድረስ፣ በልጅነት ወኔ፣
የዕድሜ ልክ መንገዴን ጨርሻለሁ ያኔ።

አሁን ሚጽፔ ራሞን፣ ከገደሉ አፋፍ፣
ሦስተኛ ፎቅ ቤቴ፣ ከመስኮቴ ጫፍ፣
ነጠላ ጫማዬ፣ ሶፋዬ፣ ማሞቂያዬ፣
ማታ ማታ ለውዜ፣ የሬዲዮ ወሬዬ፤
ሌላ ምን እሻለሁ፣ ምን ጎደለኝና?
ጡረታ ማለትስ መቀመጥ በጤና።

ሐሙስ ሌሊት፣ ነፋሱ መስኮት ሲያንገጫግጭ፣
በሬ ላይ የቀንድ ድምፅ፦ ግጭ… ደግሞ ግጭ።
በቀዳዳው ሳጮልቅ፣ ጢማም የሜዳ ፍየል፣
የሰሜን ዋልያ የአጎት ልጅ የሚመስል።
«ክፈት» አለኝ ቀስ ብሎ በጎንደር አማርኛ፣
«ሊፍቱም ተበላሽቷል፣ ውሃ ስጥ ለመንገደኛ።

ከጉድጓዱ ግርጌ የሌሊት በር አለ፣
ዘበኛው ሰልችቶት ትቶት ኮበለለ፤
ከዋክብት በዚያ በር ቁልቁል እየረገፉ፣
ትናንት ብቻ ሰባት ተቆጥረው ጠፉ።»

«ጀግና ፈልግ» አልኩት፣ «ጎረምሳ አይጠፋም፤
እኔ እንኳን ለሌሊት፣ ለገበያ አልወጣም።»

«ጀግናማ ሞከርን፣ መቀመጥ ያቅተዋል፤
ሦስት ቀን ሳይሞላ ሌላ ዘንዶ ያምረዋል።
የምንሻው አንድ ሰው፣ ከቦታው የማይነቃነቅ፣
ሶፋ ያስመረቀው፣ በር መጠበቅ የሚያውቅ።»

ይስደበኝ፣ ያመስግነኝ፣ ልቤ ተከፈለ፤
እግሬ ግን ሳላዘው ፍየሉን ተከተለ።

ወረድን። ድንጋዩ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ ነው፣
በቀን ከመስኮቴ እንደ ሥዕል የማየው፤
በሌሊት ግን ይተነፍሳል።
ጉልበቴ ተንቋቋ፣ አንድ ጫማዬ ጠፋ፤
ትዝ አለኝ መንገድ ላይ — ማሞቂያው ሳይጠፋ!

በሩ ተራ በር ነው፣ ቀለሙ የተላጠ፣
ነጭ ፕላስቲክ ወንበር ማን እንዳስቀመጠ!
ተቀመጥኩ። በጀርባዬ ገፋሁት።

ከበሩ ማዶ ግን የልጅ ኮቴ መጣ፣
ሱዳን የቀረ ኮቴ፣ መንገዱን ያልወጣ፤
አንዱ እግር ባዶ ነው፣ ሌላው ጠፍ ጠፍ ይላል፣
ጫማዬን አጥልቃ… ሰፍቷት ይጎተታል።
«ተሻገር!» ትላለች።
ስሜን ነው? ትእዛዝ ነው?
ይታይሽ እህቴ። ዛሬም ስድስት ዓመቷ ነው።

ያደረግሁትን እኔና በሩ እናውቃለን።

አርብ ጎህ ሲቀድ ሶፋዬ ላይ ነኝ፣ ማሞቂያው እንደጋለ።
ማታ በረንዳ ወጣሁ፣ ልማዴ ያልነበረ፤
ሰባቱን ቆጠርኩ። ስምንተኛም ጨመረ፣
ትንሽዬ፣ ወደ ጎን የምታነክስ።
ጎረቤቴ ፕሮስፐር «ምነው ወጣህ?» አለኝ።
«አንድ ጫማ ቀርቶብኝ ነው።
ስታልፍ በሬን አትዝጋብኝ።»