ስምንት ቀዳዳ

መጀመሪያ የመጣው ባዶ ሣጥኑ ነበር፣
ጎኑ ላይ መስታወት፣ ጥጉ ላይ ስንጥር።
ከመርካቶ አባዶ፣ ቆሜ በአውቶቡስ፣
ደረቴ ላይ አቅፌው፣
እንዳይነካው ጎረምሳ፣ እንዳይገፋው ቄስ።
አንዲት ሴትዮ ጠየቁኝ፣ «ምንድን ነው? የዶሮ ቤት?»
«አዎ» አልኩኝ፣ ማን ያስረዳል በዚያ ሙቀት።

ብሎክ ሁለት መቶ ስድስት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍት የለ፣ ደረጃው ወገብ የሚያደቅ።
ሣጥኑ አልጋዬ ስር ሦስት ወር ተኛበት፣
እህቴ ረድኤት ካልሲ ከተተችበት፤
«ባዶ ሆኖ ሲያድር» አለች
«ሰይጣን እንዳይገባበት።»

አሉሚኒየም እቆርጣለሁ፣ የሰው መስኮት እገጥማለሁ፣
ከምትተርፈኝ ላይ በየወሩ አንድ ዕቃ እገዛለሁ።
በጥር ማዘርቦርዱ። በየካቲት ራሙ፣
አንድ ፍሬ ብቻ፤ ሁለት አልቻለም አቅሙ።
መጋቢት ምንም የለ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፤
ሚያዝያ ፋሲካ ነው፣
ሁሉም ሲፈስክ ኪሴ ብቻ እንደጾመ ቀረ።
ግንቦት ፕሮሰሰሩ፣ ከነፓወር ሳፕላዩ።

ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ነው፣ ከሊፋ ነው የሸጠልኝ፤
«ሌት ተቀን የማይታይ ገንዘብ ሲቆፍር የኖረ ነው» አለኝ፣
«ደክሞታል፤ ጨዋታ ካስነካኸው ግን ይድናል» ብሎ ማለልኝ።
እንደ ጡረተኛ አገላብጬ አየሁት።
አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁለት (የረድኤት ነው፣ አታውቅም)፤
አንዱ ማራገቢያ ይንቀጫቀጫል፤ ይዞራል ግን፣ አይቆምም።

ሐምሌ፣ ቅዳሜ ማታ። ውጭ ዝናብ።
«ከመጀመርህ በፊት ብረት ንካ» ብሎኛል ከሊፋ፣
«ከጣትህ የምትወጣ ብልጭታ ናት ቺፑን የምታጠፋ።»
ይኸው መስኮቱን እነካለሁ፣ እኔው የገጠምኩትን፣
አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ፣ እንደ ተሳላሚ የደጁን።

ወርቃማው ሦስት ማዕዘን ከሦስት ማዕዘን ገጠመ፤
ዘንጉን ስጫነው ቀጭ አለ፣ ልቤ ለአፍታ ቆመ።
የሰበርኩት መስሎኝ።
ፓስታውን ቀባሁ፣ የአተር ፍሬ ያህል፤
ረድኤት፣ «ፓስታው ይሄ ከሆነ ስጎው የት ይሆናል?»

አምስት ሰዓት ላይ ቁልፉን ተጫንኩ።
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ሰርግ መኪና በራ፤
የሳሎኑ ቴሌቪዥን ግን ጥቁር፣ አንድ ቃል ሳያወራ።

ፈታሁ። ገጠምኩ። ራሙን ነቅዬ መለስኩት።
ከሊፋ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም፤ ረገምኩት፣
ደግሞ በሌለበት ይቅርታ ጠየቅሁት።
የዘጠኝ ወር ብሬ ወለል ላይ ተዘርግቶ
እንደ መኪና አደጋ አየዋለሁ።

በስልክ መብራት የምታበራልኝ ረድኤት ጎንበስ አለች፣
«እነዚህ ስምንት ቀዳዳዎች ለምን ባዶ ሆኑ?» አለች።
ከላይ፣ በግራ፣ ጥግ ላይ።
ከሣጥኑ ጀርባ ተጠቅልሎ የቀረ አንድ ገመድ፣
ስምንት እግር ያለው፣ ሰርግ እንዳልተጠራ ዘመድ።
ሰካሁት። ቀጭ።
ቁልፉን ልጫን ጣቴን ስዘረጋ

መብራት ሄደ።

«ውይ!» ከበረንዳ በረንዳ፣ ከብሎክ ብሎክ ተቀባበለ፤
ለደቂቃ ሰፈሩን ያጠፋሁት እኔ መሰለኝ።
ተቀመጥን፣ ረድኤት በትከሻዬ ላይ፣
ከተራራው በኩል ጅብ እየጮኸ፣ ሣጥኑ መሀላችን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበላያችን ያሉት ሰዎች ፍሪጅ አጉረመረመ።
ተጫንኩት።
ነጭ ፊደል መጣ፣ እንደ ክፍል አለቃ
ስም እየጠራ፦
ፕሮሰሰር፣ አለ። ራም፣ አንድ ፍሬ፣ አለ።
ያ ጡረተኛ ካርድ፣ እሱም አለ፣
እየተንቀጫቀጨ፣ እየሳለ።
ዲስክ፣ የለም።

የለም። አውቃለሁ። የነሐሴ ደሞዝ አልደረሰም።
«ጨዋታውስ?» አለች በእንቅልፍ ልቧ። «ገና ነው» አልኳት።
ማሽኑ ሦስት ሰዓት ነው ይላል፤
ዘጠኝ ነው አልነውና አስተካከልነው።

የዲስኩ ቦታ ላይ
ሳናየው የቀረ አንድ እግር ካልሲ ተወሽቋል።
ላወጣው እጄን ሰደድኩና
ተውኩት።