እንየው

እግሬ ከመርገጫው፣ እጄ ከጨርቁ ላይ፤
ወገቤ ግን የት ነው? ከእኔ ጋር ነው ወይ?
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቢቸና ላይ ሱቄ፣
የሰባት ወር ሆዴን ከመኪናው አርቄ
ዩኒፎርም ስሰፋ ለቆላ ለደጋው፣
ከታች ከዳሌዬ ይነሳል አለንጋው።
ቀጥ ብሎ አይመጣም፣ እንደ ክር አይለካ፤
ግራ ጎኔን ወግቶ ቀኝ ጭኔን ሲነካ።

«ብርድ ነው» ትላለች ጎረቤቴ ውዴ፤
«ወንድ ነው» አማቴ፣ ሲፈርዱ በሆዴ።
ዋለልኝም ማታ፣ ባጃጁን አቁሞ፣
በቅቤ ያሸኛል፣ የእሱም ወገብ ታሞ።

ወጌሻው እንየው፣ ከጤፍ ተራ ማዶ፣
ታዝሎ የመጣን ሰው ይመልሳል አሉ በገዛ እግሩ ሄዶ።
«እጁ ያድናል ወይ?» ብዬ ሰው ስጠይቅ
«እንየው» ይሉኛል፤
ስም ይሁን ጥርጣሬ፣ ከቃሉ አይታወቅ።

ከፊቴ ወረፋ፦ ክንዱ የወለቀ
እህል ጫኝ፤ ኳስ ላይ የወደቀ
ልጅ፣ ጩኸቱ ከጣሪያው የላቀ።
ጨረሰ። ታጠበ። እጁን አደረቀ።
«አንችስ?»
አሳየሁት።
ሲያንቋቋኝ ልችለው ጥርሴን ነክሼ ነበር።
አላንቋቋኝም።
መዳፉን ብቻ ከወገቤ ሥር አሳርፎ
ቆየ፣ በር ላይ እንደ ቆመ ሰው ጆሮውን አሰፍስፎ።

«የወለቀ አጥንት ሲነካኝ አውቃለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቦታው መልሻለሁ።
ያንች ግን አልወለቀ። እንግዳ ሊመጣ
በሩ መቃን አላልቷል፣ ሰፊ መንገድ ሊያወጣ።
ይህን ልጠምዝዝ ብል፣ ብዳፈር በወኔ፣
ጥፋቱ ለአንች ነው፣ ዕዳው ግን የእኔ።
ደም አይተሻል? ትኩሳት? ሽንት ያቃጥልሻል?
ይህን ያልጠየቀ እጅ ቢያሽሽ ይጎዳሻል።
ጤና ጣቢያ ሂጅ፣ መጀመሪያ።»
ብር ብዘረጋለት እጁን ሰበሰበ፦
«ላልጠገንኩት አጥንት?»

ሲስተር እንጉዳይ ደም ግፊቴን ለክታ፣
የልጄን የልብ ምት ከሆዴ ሰምታ፣
ደብረ ማርቆስ ላከችኝ፣ ወረቀት ሰጥታ።

እዚያ አንዲት ልጅ እግር፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣
ጋዎኗ ሰፍቷት (ትከሻው ላይ ሁለት ጣት መግባት ነበረበት)፣
«አከርካሪ በእጅ የሚያቃኑ፣ ተምረው፣ ባሕር ማዶ አሉ፤
ብዙ ነፍሰ ጡሮች ‹ቀለለን› ይላሉ።
ግን ጥናቱ ጥቂት፣ የተለካው ትንሽ፤
እጁ ይሁን፣ ጊዜው ይሁን፣ ተስፋው ይሁን ያሻለሽ
ለይቶ የነገረኝ መጽሐፍ አላየሁም።
ያድናል ብዬ አልምልም፤ ከንቱ ነው አልልሽም።»

እንዴት ደስ አለኝ!
በነጭ ጋዎን ውስጥ «አላውቅም» የሚል ሰው ሳገኝ።

ቤቴ ገባሁ። ከዩኒፎርሙ ትርፍ፣ ከሰማያዊው ጨርቅ
ሆድ የሚደግፍ መቀነት ሰፋሁ፤
ስንት ዓመት ስሰፋ፣ ለራሴ ይህ የመጀመሪያዬ።
ትራስ በጉልበቴ መሃል። ምሽት ምሽት በአራት እግሬ
እንደ ድመት ጀርባዬን ቀስቼ፣ ባለሙያዋ እንዳሳየችኝ፤
ዋለልኝ ሲስቅ እኔም ሆዴን ይዤ ስቄ፣
ተኛሁ። ነጋ።

የቱ ነው ያሻለኝ? እስቲ ልፍታ ስፌቱን፦
የወጌሻው መዳፍ፣ ያንን ሙቀቱን?
መቀነቱን? ትራሱን? ድመት መሆኔን?
ወይስ «አንችስ?» ብሎ አንድ ሰው መጠየቁን፣
ከሰባት ወር ወዲህ፣ ስለ ሆዴ ሳይሆን ስለ እኔ?
ክሩ ከክር ተያይዟል፤
አንዱን ብስበው ሌላው ይተረተራል።

ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ ተመለሰ ሕመሙ፤
ግን እንደ ዱቤ ደንበኛ፣ ቀስ ብሎ፣ በአቅሙ።

ትናንት ውዴ መጣች። አራተኛ ወሯ፣
እጇ ከወገቧ።
«ብርድ አይደለም እንዴ?» አልኳት።
አልሳቀችም። «ያ ወጌሻ ያድናል?»

ከከንፈሬ ስፒሉን ነቅዬ፣
«እንየው» አልኳት።
ስሙን ይሁን ምክሬን፣ አልነገርኳት።