የሞተ ባትሪ

ትናንት እስከ ማታ ብረት ሲበላ አምሽቶ፣
ግራይንደሬ ዛሬ ነጋበት፣ አኩርፎ አፉን ዘግቶ።
ጫንኩት፤ ምንም።
ለቅቄ ጫንኩት፤ ምንም።
እንደ ታመመ ሰው እንኳን አላቃሰተም።

ገና ሦስት ሰዓት ነው፣ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ግን ግሏል፤
የበሩ ባለቤት በስልክ "ደረሰ ወይ?" ይላል።
"ቀለም ብቻ ቀረው" አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ።
ልጁን ሐሙስ ይድራል፣ ምን ብዬ ልመልስ?
በሩ ገና አራት ቁራጭ ብረት ነው፣ ሞርሳው ሥር የተጋደመ፣
ሰው ሊያስገባ ቀርቶ ለራሱም ያልቆመ።

ጀውሃር መዶሻ አነሳ፤ ረዳቴ ነው፣ ችኩል።
"አንዴ ላቅምሰው እትዬ፣ ወላሂ ይነሳል!" ሲል፣
"ተው" አልኩት፣ "ተው አንተ ልጅ፣
የታመመ አይመታም፤ ይጠየቃል እንጂ።"

ከግድግዳው ጀመርን።
የስልክ ቻርጀር ሰካን፤ አረንጓዴ ዓይኗ በራች።
መብራት ኃይልን በሌለበት አምተነዋል፤ አውፍ ይበለን።
"በል ስፒናውን ንቀል፣ ከዚያ ነው መነካካት፤
ሰኞ ገበያ ብትወጣ አይሸጥም ጣት።"

ገመዱን ከስፒናው እስከ አንገቱ ዳበስኩት፣
አምና አይጥ የቀመሰችውን፣ በናስትሮ የጠመጠምኩት።
ቴስተሩ ጢጥ አለ። ገመድ አልበደለም።
አራቱን ቡሎን በካቻቢቴ ፈትቼ ጣሳ ክዳን ላይ አኖርኩ፤
ሆዱ ሲከፈት የብረት ትቢያ ወጣ፣
የስንት በር፣ የስንት መስኮት፣
ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀርቶበት።

ማብሪያውን እፍ አልኩት፤ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ሰላም ነው።
ከጎኑ ያለችውን ክዳን ሳዞራት ግን ነገሩ እዚያ ነው፦
ካርቦኗ
ከሚሽከረከረው ልብ ጋር ስትታሽ፣ ስትታሽ ኖራ፣
እሳት እያቀበለች፣ ለራሷ ሳትበራ፣
ከምስር ክክ አንሳለች።
ስፕሪንጓ ባዶ ትገፋለች።
እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን ለዛሬ አልጠራም።

ደሴ ፒያሳ ደወልኩ። "ሞልቷል፣ ነይ ውሰጂ" አለኝ ባለሱቁ።
ነይ ማለት ቀላል ነው!
ሐረጎ ላይ ተሳቢ ተጋድሞ፣ ከላይ ጉም፣ ከታች የመኪና ሰልፍ፤
ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ዛሬ ሌላ አገር ነው።

ያኔ ዓይኔ አያ ይመር ላይ አረፈ።
ዘበኛችን ነው። የሬዲዮኑን የሞቱ ባትሪዎች
ጠዋት ጠዋት ላሜራ ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል።
"ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ" ይላል።
ስንስቅበት ከርመናል።

"አያ ይመር፣ አንዷን ስጠኝ፣ ለሕክምና።"
አየኝ፤ ባትሪዎቹን አየ፤ ቆጠራቸው እንደገና።
"ይቺ አትሆንም ጦይባ፣ የማታውን ዜና ታሰማኛለች፤
ይቺም ጥቂት አላት... እቺን ውሰጃት፣ እሷስ ቆርጣለች።"

በፒንሳ ቀደድኳት። ከጥላሸቱ መሀል
እንደ እርሳስ ቀጥ ብላ የቆመች ጥቁር ዘንግ፤
ሞታለች ያልናት፣ ወገቧ ያልጎበጠ።
ቆረጥን፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፣
ክቡ አራት ማዕዘን እስኪሆን።
የመጀመሪያዋ እጄ ላይ ተሰበረች።
ጀውሃር "አስተግፊሩላህ" አለ፤
የተረፈው ዘንግ ለአንድ ሙከራ ብቻ ይበቃል።
የሱ ጣት፣ የኔ አፍንጫ፣ ጥቁር በጥቁር፤
ስድስት ሰዓት አለፈ።
ዘላቂ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ሐሙስን ታድርሰኝ።

ዘጋሁት። አጠበቅኩት። ሰካሁት።
"ራቅ በል" አልኩት ልጁን።
ጫንኩት።
አስነጠሰ፤
ሰማያዊ ብልጭታ በጎኑ ተፋ፣ አንዴ ተርገፈገፈ፣
ከዚያ ያ የማውቀው ጩኸት ግቢውን ሞልቶ
ወደ ቦርከና አለፈ።

አያ ይመር በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣
"የኔዋ ናት የምትጮኸው?"
"ያንተዋ ናት!"
"አላልኳችሁም? ፀሐይ ነው!"

አልተከራከርኩም። ብረቱን አስጠጋሁ፣ ብልጭታው ዘነበ።
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ የሙሽራዋ አባት ይሆናል።
አያ ይመር ጎንበስ ብሎ
የቀሩትን ባትሪዎች አንድ በአንድ
ወደ ፀሐይ አዞራቸው።